የሃርቶኖ ክሪስና የአባባ ከዘራ

ጋሼ ስለሺ፣ ሃርቶኖ በሕይወት አለ! ናዝራዊቴ ቀለበት ልታስር ነው! ሰላምታ ሳላስቀድም በወሬ ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ደስታው ቀደመኝ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እትዬ ተሻለችን ያ ሳል ተዋት ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እርስዎ «ዘሩን ሳናውቅ» ያሉለት የጃቫ ልጅ፣ በሚያዝያ አባቱን ሊቀብር አገሩ ገብቶ በግንቦቱ ረብሻ ከተማሪዎች ጋር ታፍሶ የገባበት ጠፍቶ ነበር። ናዝራዊት እህል አልቀምስ አለች። እኔም እንባዬን እየዋጥኩ የሥራ ሺፍቴን እገፋ ነበር።

አሁን ተፈቷል። አንድ ዓይኑ ግን ከእንግዲህ አያይም፤ ፓስፖርቱንም ወስደውበታል፣ መቼ እንደሚመልሱለት የሚነግረው የለም። እናቱ እሱን ለማስፈታት ቤቷን አፈረሰች። የእነሱ ቤት፣ ጋሼ፣ መሀሉ ላይ አራት ትልልቅ ምሰሶዎች ቆመው ጣራውን ይሸከማሉ፤ ከኋላ ደግሞ ማንም የማይተኛበት፣ ከዘር የወረደ ዕቃ ብቻ የሚያርፍበት ክፍል አለ። ምሰሶዎቹን ሆቴል የሚሠራ ነጋዴ ገዝቶ ነቅሎ ወሰዳቸው። ጣራው መሬት ላይ ነው። ናዝራዊት ደውላ ብታለቅስባት፣ «ቤት ሰው ማቆሚያ ነው፤ ልጄን አቁሞልኛል» አለቻት።

ማረፊያ ያጣውን ክሪስ በአገሯ ሰው እጅ ለእኛ ላከችው። ክሪስ ማለት ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ጩቤ ነው፣ ስለቱ እንደ እባብ የተጠማዘዘ። ሙሽራው መምጣት ሲያቅተው ክሪሱ በእሱ ቦታ ይቀመጣል፤ ወጋቸው ነው። የፍሌሚንግደን አፓርትመንታችን ባዶ ክፍል ከየት አምጥቶ? የኮት ክሎዜቱን አራግፌ ለብቻው ሰጠሁት፣ ኮቶቻችን ሶፋው ላይ ተከምረዋል። ሳሙኤል «ማሚ፣ አማቻችንን እንዳታስቀይሚው፣ ስለታም ነው» እያለ ያሾፍብኛል።

እንግዲህ ክሪሱ ልጃችንን ሲጠይቅ ከእኛ ወገን ማን ይቀበለው? አባቷ ከሞተ ወዲህ አባቷ እርስዎ ነዎት። እርስዎንም ቪዛ ከለከሉዎት። ስለዚህ ከፈቀዱልኝ የአባታችንን የአባባን ከዘራ በእርስዎ ቦታ እንዲቀመጥ ይላኩልኝ፤ ለእረፍት እዚያ ያለችው ጎረቤቴ ውብአለም ሐምሌ ሳያልቅ ትመለሳለች፣ ይዛው ትምጣ። ካልፈቀዱም ቁርጡን ይንገሩኝ፤ ልጅቱ ባዶ ወንበር ፊት እንዳትቆም።

እትዬ ተሻለችን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ቤቴልን፣ ፀጋዘአብን፣ የታችኛዋን ጎረቤት ብርሃነሽንም ሰላም ይበሉልኝ። የቀለበቱ ቀን ነሐሴ 17፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ እሑድ ነው፤ የሚቀር ዘመድ እንዳይኖር፣ እዚህ ያለው በእግሩ፣ እዚያ ያላችሁት በአባባ ከዘራ ኑልኝ።

እህትዎ ውቢት
ቶሮንቶ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1990 ዓ.ም.