የሚስተር ቬነር ፊርማ

ሄዝልኮም፣ ዓርብ ሜይ 12 ቀን 2023

ለምወድህ ወንድሜ ለኪት፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ። የምነግርህ ነገር አለኝ፤ ግን አፌ ላይ ሲደርስ ይመለሳል፣ እጄም ላይ እንደዚያው ሆነብኝ። በስልክ እንዳልነግርህ እማዬ ሁልጊዜ አጠገቤ ናት። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልድረስበት፣ አንተም ታገሠኝ።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? በጉ የረገጠህ እግርህ ዳነልህ ወይ? ሚስትህ አሮሃ እንዴት ናት? የልጃችሁ የታማ ጥርስስ ወጣ? እናንተ ዘንድ ወቅቱ የእኛ ተቃራኒ ስለሆነ አሁን ብርዱ እየገባ ነው መሰለኝ፤ እማዬ የሠራችልህን ሹራብ ልበሰው፣ ቀለሙን እንደማትወደው ባውቅም። እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷ ያማታል፤ ስትጠየቅ ግን ትቆጣለች። እኔም እንቁላል ማሸጊያው ቤት ሥራዬ ላይ ነኝ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ከእንቁላል ጋር ነው የምውለው፤ እንቁላል ደግሞ አያናግርም፣ ለእኔ ተስማምቶኛል።

እማዬ በምርጫው እንዳላሸነፈች ነግራሃለች። እንዴት እንደሆነ ግን በደንብ አልነገረችህም፤ እሷ ራሷ የማታውቀውም አለበት።

ነገሩ የጀመረው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። የወረዳው ምክር ቤት ገበያው አደባባይ ላይ ያለውን የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ዘግቶ ሕንፃውን ሊሸጥ አሰበ። እማዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጸዳችው ቤት ነው። ሦስት ጊዜ ጻፈችላቸው፤ አንድም መልስ አልመጣም። ምክር ቤቱ በዚህ ጉዳይ እኩል ለእኩል ተከፍሎ ስለነበር አንድ ወንበር ብቻ ነገሩን ይለውጠው ነበር። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ እጇን እየታጠበች፣ "እንግዲህ እኔው ራሴ እወዳደራለሁ" አለች። ፓርቲ የላትም፣ ገንዘብ የላትም፤ ያላት ብስክሌትና አፏ ብቻ ነው።

ከእሷ ጋር የተወዳደረው ሚስተር ሎሪመር ነው፣ ያ ቤት የሚያሻሽጠው፤ እሱ ሕንፃው ይሸጥ ባይ ነው። ደረቱ ላይ የፓርቲውን ምልክት፣ ሰሃን የሚያህል የጥብጣብ አበባ ለጥፎ በየበሩ እየዞረ፣ "ሎሬይን መልካም ሴት ናት፤ ግን ምክር ቤት በመጥረጊያ አይመራም" ይል ነበር። እማዬ ሰምታ፣ "ባይመራበትም መጠረግ ያስፈልገዋል" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀላት። እኔም ያን ቀን የምታሸንፍ መስሎኝ ነበር። የሚስቅልህ ሰው ሁሉ አይመርጥህም ለካ።

ቆጠራው ባለፈው ዓርብ ጠዋት በስፖርት አዳራሹ ውስጥ ሆነ። ተወዳዳሪ አንድ ሰው ይዞ መግባት ይችላል። አክስት ጃኒስ ልትገባ ነበር፤ ፀጉር ቤቷ ቀጠሮ በዛባትና እኔ ገባሁ። በር ላይ ያየነውን ሁሉ በምስጢር እንድንይዝ የሚል ወረቀት ሰጡን። ወረቀቶቹን ሲደረድሩ የእማዬ ክምር ከፍ ሲል የሎሪመርም ከፍ ይላል። እማዬ እጄን ይዛ ነበር።

ከዚያ የምርጫ ኃላፊዋ ችግር ያለባቸውን ወረቀቶች ልታሳያቸው ተወዳዳሪዎቹን ጠራቻቸው። አንዱ ላይ የብልግና ሥዕል ተሥሏል። አንዱ ላይ "ሁላችሁም ሌቦች" ተብሎ ተጽፏል። ሦስተኛው ላይ ከእማዬ ስም ፊት ለፊት በማስመሪያ የተሠመረ የሚመስል የመስቀል ምልክት አለ፤ ከሥሩ ደግሞ በሚያምር እጅ ጽሑፍ፣ "ኦስዋልድ ቬነር፣ ሚል ሌን ቁጥር 6" ይላል፤ ከጎኑም ፊርማ።

የሎሪመር ሚስት አንገቷን አስግጋ አነበበችና ሳቋን ለቀቀችው። "አድራሻውንም ጽፏል እኮ! ስልክ ቁጥሩን ብቻ ነው የረሳው!"

"መራጩ ማን እንደሆነ የሚያሳውቅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት አይቆጠርም" አለች ኃላፊዋ።

"ሰውየው ማንን እንደመረጠ ግልጽ አይደለም ወይ?" አለቻት እማዬ።

"ግልጽ ነው፤ ሕጉም ግልጽ ነው።" ወረቀቱን ለብቻው አስቀመጠችው።

ተቆጠረ። እማዬ 438፣ ሎሪመር 438። እንደገና ተቆጠረ፤ ያው ሆነ። እኩል ሲመጣ ሕጉ ዕጣ ነው። ኃላፊዋ ሁለቱን ስም ጽፋ፣ ወረቀቶቹን እኩል አጥፋ፣ ከቆጣሪዎቹ የሻይ ጠረጴዛ ላይ ባነሳችው ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረቻቸውና ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቅላ አንዱን አወጣች። ሎሪመር። በቃ ኪት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በብስኩት ቆርቆሮ አለቀ። ሎሪመር መጥቶ እማዬን ጨበጣትና ዞር ብሎ እጁን በመሀረቡ ጠረገ። እማዬ አላየችም፤ እኔ አየሁት። 

በማግስቱ ቅዳሜ የንጉሡ የዘውድ በዓል ነበር። በዝናብ ውስጥ አደባባዩ በባንዲራ ተሞልቶ ሰው ቢራውን ሲጠጣ ዋለ። የጠጣ ደግሞ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ። ከመጸዳጃ ቤቱ በር እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ተሰልፈው አየኋቸው። እንዲዘጋ የመረጡትም፣ ጨርሶ ያልመረጡትም እግራቸውን አጣምረው ቆመዋል። እማዬ ውስጥ ሆና ወለሉን ትወለውላለች። የሎሪመር ሚስት ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ፣ "ሎሬይን የኔ ማር፣ እዚህ ወረቀት አልቋል" አለቻት። እማዬም ይዛላት ሄደች። እኔ ብሆን ኖሮ የባሏ ፎቶ ያለበትን የቅስቀሳ ወረቀት ነበር የምሰጣት። ይህን ያሰብኩት ግን ቤት ከገባሁ በኋላ ነው፤ እኔ መልስ የሚመጣልኝ ሁልጊዜ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ምስጢር ይዘን እንድንወጣ ወረቀት ሰጥተውን አልነበር? ገና ሰኞ ሳይደርስ የሚስተር ቬነር ፊርማ በከተማው ሁሉ ተዳረሰ። ዳቦ ሻጯ ሰው ፊት፣ "ሚስተር ቬነር፣ ለዳቦውም ይፈርሙልን ወይ?" አለቻቸው። ሽማግሌው ሂሳባቸውን አስቀምጠው ዳቦውን ሳይወስዱ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ገበያ አልወጡም።

ማክሰኞ ማታ በራችንን አንኳኩ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"ሎሬይን፣ ያጠፋሁሽ እኔ ነኝ" አሉ።

"ኧረ ተዉ ሚስተር ቬነር። ይግቡና ሻይ ይጠጡ።"

"አልገባም። ማን እንዲህ አድርግ አለህ ብለው ይጠይቁኛል። ማንም አላለኝም። የእርጅና ሞኝነት ነው፤ ከገዛ ራሴ ነው ያመጣሁት።"

ይህን ሲሉ በእማዬ ትከሻ ላይ አሻግረው አንድ ጊዜ አዩኝ፤ ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ባርኔጣው መለሱ። እኔ የሳህን ማድረቂያ ጨርቅ ይዤ ቆሜ ነበር። ያደረቅኩትን ሳህን እንደገና ማድረቅ ጀመርኩ።

እንግዲህ ደረስኩበት። ኪት፣ እንዲህ ያድርጉ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ምርጫው አሥር ቀን ሲቀረው እማዬ የቅስቀሳ ወረቀቷን እንዳድል ወደ ሚል ሌን ላከችኝ። ታውቀኛለህ፤ በር አንኳኩቼ ማንም እንዳይከፍት የምጸልይ ሰው ነኝ። ሚስተር ቬነር ግን ከፈቱ። አምና በክረምት ገበያ ውስጥ ድንገት ሆዳቸው ከድቷቸው፣ እማዬ በሩን "በጽዳት ላይ" ብላ ዘግታ እንዳጠበቻቸው፣ ከቤታችን ልብስ አምጥታ እንዳለበሰቻቸው፣ ለአንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ እንዳላለች እያለቀሱ ነገሩኝ። (እዚህ ትተኸው ሄደህ ጠፋብኝ ያልከው ቡናማ ሱሪህ የት እንደገባ አሁን አውቀሃል።) ከዚያ፣ "ልጄ፣ ድምፄን የምሰጠው ለእናትሽ ነው። ግን የኔ መሆኑን በምን ታውቃለች? እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ" አሉ።

እኔ ጫማዬን ነበር የማየው። ሰው ሲያለቅስ አጠገቡ መቆም አልችልበትም፤ ቶሎ መሄድ ብቻ ነው የፈለግኩት። "ይፈርሙበት" አልኳቸው። እማዬ ጎህ ሳይቀድ ሥራ ስለምትገባ ድምፅዋን በፖስታ ነው የምትልከው፤ እኔ ለመምረጥ ገና ዕድሜዬ አልደረሰም፤ እሷ ስትፈርም አይቻት ስለነበር ሁሉም ሰው የሚፈርም መሰለኝ። የምትፈርመው ግን አብሮት በሚላከው ሌላ ወረቀት ላይ ነው፤ ድምፅ መስጫው ላይ አይደለም። ይህን ያወቅኩት አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ነው። እሳቸውም ፖስታ ቤት መስኮት ላይ የኖሩ ሰው ናቸውና ፊታቸው በርቶ፣ "አርባ ዓመት ሙሉ ሰውን እዚህ ጋ ይፈርሙ ስል ኖሬ፣ ይኸው የኔም ተራ ደረሰ" ብለው ሳቁ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይህ ነው።

ትናንት ደግሞ አክስት ጃኒስ ፀጉር ቤት የወደቀውን ፀጉር ልጠርግላት ሄድኩ። ሴቶቹ እንደተቀመጡ ወሬው ያው ነው። "ያ ሽማግሌ ነው የቀበረን" አለች አክስት ጃኒስ፣ መቀሷን እያንቀጫቀጨች። "እኔ ብሆን መንገድ ሳቋርጥ ባገኘው አላየውም! እህቴን ጉድ ሠራት!"

አንዷ፣ "ቢያንስ እሱ ሊመርጥ ሄዷል፤ የኔ ባል ከሶፋው አልተነሳም" አለች፤ ሁሉም ተሳሳቁ።

አክስት ጃኒስ ራሷ እኮ አልመረጠችም። የምርጫው ዕለት ፎቶ ያለበት መታወቂያ ሳትይዝ ሄዳ መለሷት፤ ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ ደንበኛ መጣ፣ ቀረች። "ለእናትሽ እንዳትነግሪያት" ብላ ያስማለችኝ እኔን ነው። የእሷ አንዲት ድምፅ ብትኖር ዕጣም አያስፈልግም ነበር። ይህን እያሰብኩ ቀና ስል በመስታወቱ ውስጥ ጠቀሰችኝ። ሁለታችንም በአንድ መስታወት ውስጥ ታየን፤ እሷ መቀስ ይዛ፣ እኔ መጥረጊያ ይዤ። ከሎሪመር መሀረብ ይልቅ ያቅለሸለሸኝ ይህ ነው። ከሁለታችን ማን የበለጠ እንደሚያስጠላ መለየት አቃተኝ። ሰው አስጠላኝ እያልኩ ነበር ሳምንቱን የሰነበትኩት፤ ከሰውም ውስጥ አንዷ እኔ ነኝ ለካ።

ዛሬ ከምክር ቤቱ ደብዳቤ መጣ። መጸዳጃ ቤቱ በጁን መጨረሻ ይዘጋል። እማዬ አንብባው አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና ድንች መላጥ ቀጠለች። እሱን መመለስ አልችልም። የሚስተር ቬነርን ስም ግን መመለስ እችላለሁ፤ ከእኔ ሌላ የሚችልም የለም።

አሮሃን በጣም ሰላም በልልኝ፤ የላከችው ቀለበት ጣቴ ላይ ነው። ታማን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። የአሮሃን እናትና አባትም፣ ስማቸውን መጻፍ ባልችልበትም፣ ከአክብሮት ጋር ሰላም በላቸው። ያንን አንድ ዓይና ውሻህንም እሸልኝ። እማዬ ብዙ ሰላምታ ትልክልሃለች፤ ምን እንደምጽፍልህ ግን አታውቅም።

ነገ ጠዋት እማዬ ለሥራ ጫማዋን ሳታጠልቅ እነግራታለሁ። ትቆጣ ይሆናል፣ ታለቅስ ይሆናል፤ አላውቅም። ቅዳሜ ስለሆነ ከዚያ አክስት ጃኒስ ፀጉር ቤት በሴቶች እስኪሞላ ጠብቄ እገባለሁ። የእሷን ጉድ አላወጣም፤ እሱን እሷ ትወቅበት። መሃል ላይ ቆሜ፣ "ሚስተር ቬነርን ይፈርሙበት ያልኳቸው እኔ ነኝ" እላለሁ። ድምፄ ቀጭን ስለሆነ ላይሰሙኝ ይችላሉ፤ ካልሰሙኝ የፀጉር ማድረቂያው እስኪጠፋ ጠብቄ ደግሜ እናገራለሁ።

እህትህ ታምሲን