ለሰብለ የሚመጡት ሽማግሌዎች

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ሥራ ቦታዬ፣ ደንዉዲ ደርሻለሁ። ፓርክ አድርጌ ነው የምጽፍልህ፣ ማስታወሻዬ። ሺፍቴ ሊጀምር አሥር ደቂቃ ቀረው። እህቴ ሰብለ ዛሬም ደወለች። ሰሜን እንግሊዝ፣ ያቺ ከበግ በቀር ነዋሪ የሌላት መንደር፣ ባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ። እማዬስ? አለችኝ። ደህና ናት፣ ስልኳ ተበላሽቶ ነው አልኳት።

እማዬ ከተቀበረች ስድስት ቀኗ።

መርዶ በስልክ አይነገርም። እዚያ ብቻዋን ናት፤ ብትወድቅ ማን ይይዛታል? ማንችስተር ያሉት ዘመዳችን ጋሽ ሙሉጌታ ሁለት ሰው ይዘው ቅዳሜ በባቡር ሄደው ያረዷታል። እስከዚያ መዋሸት የኔ ሥራ።

ረቡዕ፣ ማታ 1፡00

ዶራቪል፣ ቤት። ውሸቱ ለመደኝ። እንዲያውም ጣመኝ። እማዬ እስከ መጨረሻው ሰብለ፣ ሰብለ ስትል ነበር አሉኝ አክስቴ። እኔንስ? አልኳቸው። ወሬውን ወደ ለቀስተኞቹ አዞሩት። አሥራ ሁለት ዓመት መድኃኒቷን የላክሁ እኔ! እሷ በስልክ ስቃ ብቻ ተወደደች። ይበላት!

ኧረ ምን ነካኝ።

ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

ጉድ ፈላ! ጋሽ ሙ. ደውለው፣ ሦስት ሆነን ልንጠይቅሽ እንመጣለን ብለዋታል። የዳዊት ሽማግሌዎች መስለዋታል! ዳዊት እጮኛ ልበለው፣ ሽማግሌ እልካለሁ እያለ ሁለት ዓመት ያንገላታት ነው። እየሳቀች ታለቅሳለች። ወንድም ጋሼ፣ ታውቅ ነበር አይደል?

አይደሉም ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል። እኔ ምን አውቄ፣ ብቻ አምረሽ ጠብቂያቸው አልኳት። ለእማዬ አንተ ንገርልኝ አለች። እሺ አልኩ።

ስልኩን ዘግቼ ሳቅሁ። መኪና ውስጥ፣ ብቻዬን። እንዲህ ያልኩ አውሬ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1፡05

በቪዲዮ ደወለች፤ ስልኩን ግድግዳ አስደግፌ እያየኋት እጽፋለሁ። መርዶ በንጋት ነበር ወጉ፤ እኔ ጋ ገና ጠዋት ቢሆንም እሷ ጋ ቀትር ነው፣ ባቡሩም የሚመጣው ያኔ ነው። ጥልፍ ቀሚስ፣ ኩል። ብርዱ አፍንጫዋን አቅልቶታል። ጣቢያው ላይ ሌላ ነፍስ የለም። እዚህ ባቡሩ ዝም ብሎ አይቆምም አለችኝ። ወይ ወራጁ አስቀድሞ ለቲኬት ተቆጣጣሪው ይነግራል፣ ወይ ጣቢያው ላይ የቆመ ሰው እጁን ያወጣል። ነግረው ይሆን?

አልነገሩም። ጋሽ ሙ. ይህን ከየት ያውቁታል? ዝም ካልኩ ባቡሩ ያልፋታል። ካለፋት ደግሞ እውነቱን እኔው፣ በገዛ አፌ መንገር ሊኖርብኝ ነው። እኔ ወንድሟ።

ድምፁ መጣ። መብራቱ ታየ። ላውጣ? አለችኝ።

አውጪ አልኳት።

አወጣች።