የአከራያችን ልጅ ቀሚስ

ልጄ፣ ይህች ደብዳቤ ባለህበት በጤና ታግኝህ። እናትህ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

አከራያችን ባለፈው ወር መጥታ «ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራዩ እጥፍ ነው፤ ካልሆነልሽ ቤቱን ልቀቂ» አለችኝ። ደሜ ፈላ። «አሥራ ስምንት ዓመት እዚህ ስሰፋ፣ ልጅ ሳሳድግ፣ አንድ ቀን አስቸግሬሽ አውቃለሁ? ጣሪያውንስ ማን አስጠገነው?» ብዬ ጮህኩባት። እሷም አልተኛችልኝም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። በመጨረሻ ጡረተኛው መምህር መሃላችን ገብተው አስቀመጡን። ለካ ልጇን ልትድር፣ ወጪው አስጨንቋት ኖሯል። እኔ የሙሽራዋን ቀሚስ በነጻ ልሰፋ፣ እሷም ሁለት ዓመት ኪራይ ላትጨምር ተስማማን። ቀሚሱ ለሠርጉ ካልደረሰ ግን ውሉ ይፈርሳል። መምህሩ የምፈርምበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝና ፈረምኩ።

ጨርቁ ነጭ፣ ክሩ ነጭ፣ ዶቃው ሰናፍጭ የሚያክል ነው። የስፌት መኪናዬን በሩ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ ለነፋሱ ብዬ ነው። አንዱን እጅጌ ብቻ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ትናንት አከራያችን መጥታ ስፌቱን አገላብጣ አየችና «ይሄ ያንቺ እጅ ነው?» አለችኝ።

«ይሄማ ለልክ የተሰፋ ነው፣ ይፈታል» ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

አንተ በዚህ አታስብ። ብቻ ስትጽፍልኝ ፊደሉን ጎላ አድርገው፤ የዘንድሮ ቀለም ፈዛዛ ነው። የላክኸው ፎቶም ደርሶኛል። መምህሩ «ወፍሯል፣ አምሮበታል» አሉኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሳምኩት።

ሁሌም የምትመርቅህ እናትህ