ሶሊ ስለ ርቀት ስትማር

ለእናቴ ለወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣

ከባሕር ማዶ በናፍቆት እጅ እነሳለሁ። እኛ እዚህ ሮም ዳር፣ ሮማኒና ሰፈር ውስጥ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ልጄ ሶሊ ስለ ርቀት እየተማረች ነው። መዋዕለ ሕፃናቷ ውስጥ የፔሩና የናይጄሪያ ልጆችም ስላሉ፣ ሲስተር ሠናይት በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሥዕል መጽሐፍ ያነቡላቸዋል። ከዚያ ግቢውን እያስሮጧቸው «ሩቅ» እና «ቅርብ»ን በሁለቱም ቋንቋ ያስጠሯቸዋል። እንዲህ ያለ አስተማሪ አይቼ አላውቅም።

ትናንት ሶሊ «አያቴስ ሩቅ ናት?» አለቻቸው።

ሲስተርም ዝቅ ብለው «ድምጿን ስትሰሚ ቅርብ፣ ልታቅፊያት ስትፈልጊ ሩቅ ናት» አሏት። እንዴት አድርገው እንዳስረዷት ሳስበው ይገርመኛል።

የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ፣ ገና አልታደሰም፤ እስኪታደስ መምጣት አልችልም። እርስዎ መድኃኒትዎን አያቋርጡ። በስልክ ድምፅዎ ቀጠነብኝ፤ መስመሩ ይሆናል።

ሶሊ «ስንሄድ በሩን አያቴ ራሷ ትከፍትልኛለች?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት። ይከፍቱላታል አይደል?

ጉልበትዎን ስሜ፣ በጸሎትዎ እንዲያስቡን እለምናለሁ።

ልጅዎ እየሩስ