ያልጻፍኩት ኪሎ

መስከረም 8

መብራት ሁለቴ ጠፋ። ኔትወርክ ሦስቴ። አሥራ ዘጠኝ ደንበኛ ደወለ፣ ሁሉም "እቃዬ የት ደረሰ?" ነው የሚለው። እኔስ በምን አውቃለሁ? አዲስ አበባ ውስጥ የጠፋ ሽንኩርት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ መኝታ ቤቴ ቁጭ ብዬ እፈልጋለሁ።

የአትክልት አድራሹ ድርጅታችን ቢሮ ተዘግቶ "ከቤት ሥሩ" ከተባልን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ያኔ እልል ብዬ ነበር። ዛሬ ቆጠርኩት… ከአልጋ እስከ ወንበር ስድስት እርምጃ። ከወንበር እስከ ሽንት ቤት ሃያ ሁለት። በቃ፣ የቀን መንገዴ ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ አስፈቅጄ ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሩ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

"ስኳርሽ ድንበር ላይ ነው። እስከ ኅዳር መጀመሪያ ከሰማንያ ኪሎ በታች ውረጂ። አለዚያ መድኃኒት እንጀምራለን።"

አባቴም "እንጀምራለን" ተብሎ ነው የጀመረው። አሥራ አንድ ዓመት ዋጠ። ከዚያ እግሩ… ከዚያ ቀበርነው። መድኃኒቱን አልፈልግም። ሌላው ሁሉ ይምታታብኛል፣ ይቺን ግን አውቃለሁ።

ስመለስ መክሊት ጋ ገባሁ። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት፣ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። መዘነችኝ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ደብተሩን ማንም አያነበውም፣ ቢሆንም አልጽፈውም። ከሰማንያ በላይ ነው። በደንብ በላይ።

መስከረም 9

ምሳ ሰላጣ ብቻ በላሁ። አሥር ሰዓት ላይ አንድ ሙሉ ዳቦ። እንዴት እንደገባ አላየሁም።

መስከረም 11

ቅዳሜ። በጠዋት ተነስቼ ወደ ሴቻ ዳገቱን ወጣሁ። እሺ፣ ግማሹን ወጣሁ።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ውብአየሁ በራፏ ላይ ቆማ አየችኝ። ስቸኩል፣ ስፖርት ጫማ፣ ፊቴ በላብ…

"ቤተል! ምነው? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። እየተራመድኩ ነው።"

"ወዴት?"

"ወዴትም።"

ይሄኔ ይበልጥ ደነገጠች። ነጠላዋን አስተካክላ ልትከተለኝ ምንም አልቀራት። እቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። እማዬ ገንፎ ሠርታ ጠበቀችኝ። "ልጄ፣ ከፍቶሽ ነው አሉ።"

ዋናው ችግር እማዬ ናት። ስልክ ላይ ስሆን እምቢ ማለት እንደማልችል ደርሳበታለች። "ደንበኛችን፣ አንድ ደቂቃ ይታገሱኝ" እያልኩ ሳህኑን አጠገቤ ታስቀምጣለች። በእጄ አይሆንም እላታለሁ። ጨምሪ ያልኩ ይመስላታል። ይመስላታል ወይስ ታስመስላለች?

መስከረም 17

መስቀል። ላንቴ መንደር፣ አጎቴ ደግፌ ቤት። የእማዬ ወንድም ነው፣ ሙዝ ገበሬ። ሥጋው፣ ቅቤው፣ ዳጣው… "ዛሬ ብቻ" አራት ጊዜ አልኩ።

ከምግብ በኋላ እንደ ልማዳችን ጋሽ ሽመክት ግቢ ተሰበሰብን። የመንደሩን ሙዝ እየተረከበ የሚጭነው እሱ ነው። የቸርቻችን ሽማግሌም ነው። አባቴ ሲሞት ሬሳ ሳጥኑን ከፊት የተሸከመው እሱ ነበር። ትልቁ የሙዝ ሚዛን ግቢው ውስጥ ነው። በየመስቀሉ ሁሉም ሥጋውን በልቶ እየመጣ ይመዘንበታል። ለከበደ ይጨበጨባል፣ በቀለለ ይሳቅበታል። ውፍረት የሚጨበጨብለት አገር እያለኝ ምን ሆኜ ነው የምቀንሰው?

ከሴቶቹ ኋላ ተደበቅሁ። አጎቴ እጄን ይዞ ጎተተኝ።

"ና ቤተል፣ ውጣ!" የአጎቴ አማርኛ ከጋሞኛ ሲሻገር ሴትና ወንድ መለየት ይረሳል።

ወጣሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጋሽ ሽመክት ጮኸ፦ "ሰባ ስምንት!"

ሰባ ስምንት?! ወርጄ እንደገና ወጣሁ። ሰባ ስምንት። በዘጠኝ ቀን? በግማሽ ዳገት? ያን ሁሉ ሥጋ በልቼ?

ይህንን ቁጥር እጽፈዋለሁ። 78። 78። 78።

መስከረም 20

ፋርማሲ። የመጀመሪያው ቁጥር… ንቅንቅ አላለም።

"የእኛ ዲጂታል ነው" አለች መክሊት። "ባትሪውን ራሴ ነኝ የቀየርኩት።"

"የላንቴው መኪና ሙሉ ሙዝ የሚመዝን ነው።"

"እንግዲያው ሙዝ መስለሽው ነዋ!"

ጫማዬን አወለቅኩ። ሰዓቴን። የፀጉር ማስያዣዬን ሳይቀር። ያው ነው። ከሁለት አንዱ ይዋሻል። የትኛው?

መስከረም 24

እማዬን ጠየቅኋት። ተቆጣች።

"ሽመክት ነው የሚዋሽ? አባትሽን የተሸከመ ሰው? የፋርማሲ ሚዛንማ ያከብዳል። ሰው ደንግጦ መድኃኒት እንዲገዛ ነው።"

አሳማኝ ነው። በጣም አሳማኝ ነው… ወይስ እንዲያሳምነኝ ስለፈለግሁ ነው?

ለማንኛውም አዲስ ዘዴ አገኘሁ። ደንበኛ ሲያወራ ቆሜ አዳምጣለሁ። ደንበኛ ሲቆጣ ቁጭ ብድግ እሠራለሁ፣ እስኪበርድለት። አንዱ ዛሬ ሰባት ደቂቃ ተቆጣ። መጨረሻ ላይ "ምን ሆነሽ ነው የምታለከልኪው? እያለቀስሽ ነው እንዴ?" ብሎ ራሱ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ጥቅምት 9

ላንቴ ከእማዬ ጋር። 76! ጋሽ ሽመክት "ልጄ፣ አለቅሽ እኮ" አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ። እኔ ግን ልበር ነው።

በዚያው ቀን ማምሻ ላይ ፋርማሲ። እዚያም ሁለት ኪሎ ቀንሻለሁ። ግን ከዚያ ከማልጽፈው ቁጥር ላይ ነው የቀነስኩት፣ ሰማንያን ገና አልነካሁም።

አልገባኝም። ሁለቱም መቀነሴን ይመሰክራሉ። ስንት መሆኔ ላይ ግን ይጣላሉ። ያኔም ዘጠኝ፣ ዛሬም ዘጠኝ ኪሎ ገደማ። ቆይ፣ ቢበላሽ አንድ ቀን በዚህ፣ አንድ ቀን በዚያ አይስትም? ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚስት ምን ዓይነት ብልሽት ነው?

ጥቅምት 14

አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ደወሉ። አምስት ኪሎ ድንች አዝዘው እቤታቸው ሲመዝኑት አራት ከግማሽ ሆነባቸው። የተሰጠንን መልስ አነበብኩላቸው፦ "ሚዛናችን የተረጋገጠ ስለሆነ የእርስዎን ቢያስፈትሹ…"

እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ ረጋ ብለው "ልጄ፣ አንቺ ራስሽ ተጭበርብረሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

አላውቅም ልል ነበር፣ አቤቱታቸውን መዝግቤ ተሰናበትኳቸው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው የመጣልኝ። ያ ሚዛን ላይ እኔ ብቻ አይደለሁም የምወጣው። የአጎቴ ሙዝ ይወጣል። የላንቴ ሰው ሙዝ በሙሉ። ከእኔ ላይ ዘጠኝ ኪሎ ካነሳ…

አይ። ስለዚህ ማሰብ አልፈልግም። ዛሬ ቁጭ ብድግ የለም።

ጥቅምት 18

እኔ ምን አገባኝ? 76 ነኝ። ዶክተሩ ከሰማንያ በታች ነው ያለው። በማን ሚዛን እንደሆነ አልተናገረም።

ጥቅምት 23

አጎቴ ሙዝ ይዞልን መጣ። ውሃ ጠጣ፣ ሻይ ቀረበለት።

"ልነቅል ነው" አለ።

"ምኑን?"

"ሙዙን። መሬቱ ደከመ። ካቻምና ጀምሮ ሚዛን አይደፋም።" ትከሻውን በእጁ ያዘ። "እኔም ደከምሁ፣ ቤተል። ዘለላውን ስሸከም ትከሻዬ ከባድ ነው ይላል። ሚዛን ላይ ሲወጣ ቀላል ነው። ትከሻዬ ነው ያረጀ።"

"ካቻምና ምን ተለወጠ፣ አጎቴ?"

"ምንም። ሽመክት ሚዛን ቀየረ እንጂ ምንም።"

እንዲህ ብሎ ሻዩን ጠጣ። አንዳች አልጠረጠረም። ሰውየውን ነው እንዴ የሚጠረጥረው? ራሱን ነው የጠረጠረ።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አፈርኩ። አንድ ሚዛን እኔን "ቀለልሽ" እያለ ሲያስፈነድቀኝ አጎቴን "ደከምህ" እያለ ሲያስረጀው ነበር። እኔ ደግሞ አውቄ ዝም ብያለሁ… ዘጠኝ ቀን ሙሉ።

ጥቅምት 25

ለእማዬ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ተቆጣች። መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ዝም በይ" አለች።

"ወንድምሽ ሙዙን ሊነቅል እኮ ነው።"

"ሽመክት ያውቃል ብለሽ ነው? ባያውቅስ? በሽማግሌ ስም ትጫወቺያለሽ?"

ባያውቅስ? ቢያውቅስ?

"ደግሞስ ምን ብለሽ ነው የምትናገሪው? ያ ሁሉ ወንድ በተሰበሰበበት ኪሎሽን ልትጠሪ? ያላገባሽ ልጅ!"

ይቺ ናት የበላችኝ። ለደብተሬ ያልነገርኩትን ለላንቴ ልነግር ነው?

ጥቅምት 30

አደረግሁት።

የመክሊትን ሚዛን ተውሼ በነጠላ ጠቀለልኩ። ሚኒባስ ላይ አቅፌው ሄድኩ። ቅዳሜ የርክክብ ቀን ነው። ጋሽ ሽመክት ግቢ ሠላሳ የሚሆን ገበሬ ሙዙን ከምሮ ተራ ይጠብቃል። አጎቴም አለ።

"ቤተል ልጄ! ዛሬም ልትመዘኚ?"

"አዎ፣ ጋሼ። ሁለት ጊዜ።"

ሳቁ። የሙዙ ሚዛን ላይ ወጣሁ። "ሰባ አምስት!" አለ፣ አንዳንዱ አጨበጨበ። ከዚያ ነጠላውን ፈትቼ የመክሊትን ሚዛን ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥኩ። ወጣሁ። ቁጥሩን የሚያይ የለም፣ ራሴ ማንበብ አለብኝ። ድምፄ ጠፋ። በቀን ሃምሳ ሰው የማነጋግር ሰው! ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደገና… ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ጋሽ ሽመክትም ፈገግ አለ፦ "ይሄማ የፋርማሲ መጫወቻ ነው፣ ልጄ።"

ፊቴ ነደደ። ወርጄ ልሸሽ ነበር። አጎቴ ግን ጫማውን አውልቆ መጣ። በጋሽ ሽመክት ሚዛን ሃምሳ አራት፣ በእኔ ስልሳ። ቀጥሎ ሌላው ወጣ። ቀጥሎ ሌላው። ሁሉም እኔ ላይ ይከብዳል። ግን የትኛው ነው ልኩ? ማንም አያውቅም። እኔም አላውቅም።

አጎቴ ድንገት ሄደ። ሲመለስ ማዳበሪያ ተሸክሟል፣ አፉ ያልተፈታ። ጆንያው ላይ ተጽፏል፦ 50 ኪሎ። የእኔ ላይ አቆሙት። ሃምሳ። አንስተው ወደ ሙዙ ሚዛን ወሰዱት።

እውነቱን ልጻፍ? በልቤ እየጸለይኩ ነበር። ሃምሳ በል፣ እባክህ ሃምሳ በል… የአጎቴ ሙዝ ይቅር፣ እኔ ሰባ አምስት ልሁን ብዬ። እንደዚህ ጸለይኩ።

አርባ አምስት አለ።

ጋሽ ሽመክት ቀስ ብሎ የእኔ ሚዛን ላይ ወጣ። ቁልቁል ብዙ ቆይቶ አየ።

"እኔም ይህን ያህል ነኝ?" አለ።

ያውቅ ነበር? "ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ እንዲሁ ነው የተረከብኩት" አለ። ዓይኑ ቀጥ ብሎ ያያል። እጁ ግን ኪሱ ውስጥ ነበር፣ አላወጣውም። ሰው ሲደነግጥም ሲያፍርም እጁን ኪሱ ይከታል። አላውቅም። "ዛሬ አንመዝንም" ብሎ ገባ።

አጎቴ ማዳበሪያውን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ፣ አወረደ። እንደገና አነሳው። "ሃምሳ" አለ። ወደ እኔ ዞረ። "ትከሻዬ ልክ ነበር፣ ቤተል። ልክ ነበር።"

ኅዳር 4

እማዬ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ዛሬ ስልክ ላይ ሳለሁ ሳህን ይዛ መጣች። ግማሽ ሳህን። በእጄ አይሆንም አልኳት። ይዛው ተመለሰች። ደንበኛውን ምን እንዳልኩት አላስታውስም።

ላንቴ አዲስ ሚዛን እስኪመጣ ገበሬዎቹ ሙዙን በጋራ ተውሰው ባመጡት ሚዛን እየመዘኑ ነው። አጎቴ መንቀሉን ትቷል። ጋሽ ሽመክት ደግሞ እሑድ ቸርች መጣ። ያው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ስንወጣ እጁን ዘረጋልኝ፣ ጨበጥኩት። ልጨብጠው ይገባ ነበር? አሁንም አላውቅም። አባቴን የተሸከመው ያው እጅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ። ዶክተሩ ወረቀቱን ብዙ አየ። "ከሰማንያ በታች አልወረድሽም መሰለኝ። ስኳርሽ ግን ከድንበሩ ትንሽ ሸሽቷል። ሦስት ወር እንጨምር።"

"መድኃኒቱስ?"

"አሁን አንጀምርም። ነይ፣ ሚዛኑ ላይ ውጪ። በቅርብ ስትመዘኚ ስንት ነበርሽ?"

ነርሷ አለች፣ በሩ ክፍት ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። ገና ሳልወጣ ነገርኩት። 83 ከግማሽ።