የአጎቴ የራስ ቅል ራጅ

አሰብ፣ ጥር 1988

ውድ ከይሪያ፣

የአሰብ ሙቀት ከደሴ ብርድ ለመጣ ሰው አይጣል ነው! ዛሬ አጎቴን ጋሽ ክብሩን ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙ የራስ ቅላቸውን ራጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አሳየን፤ አጥንቱ እንደ ተባዘተ ጥጥ ተነፋፍቶ ወፍሯል።

«አጥንቱ እየፈረሰ፣ መልሶም ያለ ሥርዓት ሲሠራ ቆይቷል፤ የጆሮውን ነርቭ ተጭኖታል። ሕመሙን እናስታግሳለን፣ መስማታቸው ግን አይመለስም» አለን።

ባለቤታቸው እትዬ ዓለምዘውድ፣ «ስጠራው ዝም የሚለኝ ንቆኝ መስሎኝ፣ አልጋ ከለየሁ ስንት ዓመቴ!» ብለው አለቀሱ።

«ምን አለች?» አሉኝ ጋሽ ክብሩ። ጆሯቸው ሥር ጮኬ ነገርኳቸው።

የባለቤታቸውን እጅ ያዙና፣ «እኔም የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር» አሏቸው።

ያ ሁሉ ዓመት ያንገበግባል። የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። ከባልሽ ከሙሂዲን ጋር ተኳርፋችሁ ከሆነም ዛሬውኑ ታረቁልኝ።

ሰርካለም