ተዝካሬ ገንፎ ሆነ

ለልጅ ልጄ፣ ለመካሪዬ፣ አያቷን እንደ ተማሪ ለምታርመኝ፤

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ? የጎንደር ኑሮ አሰነፈሽ ወይስ አሁንም ከዶሮ ቀድመሽ ትነሻለሽ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል። “ስልክ እያለ ደብዳቤ ምነው?” እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ ታቋርጪኛለሽ። በወረቀት ግን እስክጨርስ ዝም ትያለሽ። ይኸው ዝም አልሽ።

ነገሩ የሰንጋው ነገር ነው። የቁም ተዝካሬን ላወጣ ሰንጋ ሳደልብ መክረሜን ታውቂያለሽ። ሰው ከሞተ በኋላ ዘመድ ያድርግለት አያድርግለት ማየት አይችልም፤ እኔ ደግሞ ማየት እወዳለሁ። ካህናቱ ሲጸልዩ፣ አገሩ ሲበላና ሲመርቀኝ ዳር ቁጭ ብዬ ልሰማ ነበር ምኞቴ። አንቺ ለመስቀል መጣሽና፣ “አያቴ፣ የሚበሉልህ እኮ ከቤታቸው ጠግበው የሚመጡ ናቸው። ለቸገረው ብትሰጠውስ?” አልሽኝ። ተናደድሁ። እውነት ባይሆን መች እናደዳለሁ! “እሺ፣ ለማን?” ብልሽ የከተማውን የአረጋውያን መጠለያ፣ የደብራችንን ጣሪያ፣ የጤና ጣቢያችንን የእናቶች ማቆያ ጠራሽልኝና፣ “እኔ ስለ አንዱም አላውቅም፤ ራስህ ሄደህ እይ” ብለሽ ማኪናሽ ውስጥ ገባሽ። የዩኒቨርሲቲ ሰው እንዲህ ነው፤ ጥያቄውን ሰጥቶ መልሱን ይዞ ይሄዳል።

ሄድሁ። መጠለያው ሸጋ ነው፣ ሰዎቹም ሸጋ ናቸው። እንዲያውም ደግነቱ በዝቶባቸዋል። ልሰጥ መምጣቴን ሳልናገር አንዷ እጄን ይዛ፣ “አባባ፣ አይዞዎት፣ አልጋ አለን” ብላ ጋቢ ደረበችልኝ። አልጋው አስፈራኝና መርቄያቸው ቶሎ ወጣሁ። ለደብሩ ጣሪያ ደግሞ አዲስ አበባ ያሉት ልጆቻችን ቆርቆሮ ልከው ኖሮ፣ ለግቢው አጥር ሁሉ ተርፏል።

ቀረ ማቆያው። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ መንገድ ላይ እንዳይዛቸው ቀናቸው ሲቃረብ እዚያ ይሰነብታሉ። ሰንጋዬን ጎትቼ ሄድሁ። በመንገድ “ወዴት ነው?” ያለኝን ሁሉ ቆሜ አስረዳሁ፤ ያልጠየቀኝንም አስረዳሁ። ምግብ የምታበስልላቸው ለተ ማርያም የምትባል ሴት ወጣች። ሰንጋውን አየች፣ እኔን አየች፣ “አያ፣ ሰንጋዎ ሸጋ ነው። ግን ማን ያርደዋል? ዛሬ ጠግበው ነገስ ምን ይበላሉ? እኛን የቸገረን የገብስ ዱቄት፣ ቅቤና ማገዶ ነው” አለችኝ።

“ምነው አንቺ! ሰንጋ ከደጅ ይመለሳል?” ብላት፣ “ሰንጋ ገንፎ አይሆንማ!” አለች። ነፍሰ ጡሮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንዷማ፣ “አያ፣ በማርያም አያስቁን፣ ሳንደርስ ሊያስወልዱን ነው!” አለችኝ።

እፍረቴን አይታ ነው መሰል ለተ ማርያም ልታጽናናኝ አንድ ወሬ ነገረችኝ። አንዲት የከተማ ልጅ አለች አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ባዶ እጇን ገብታ “ምን አለቀ?” ብላ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ሄዳ ያለቀውን ገዝታ ትመለሳለች። ማን እንደሆነች ብጠይቅ፣ ስሟን እንዳይናገሩ አስምላቸዋለች። “መልኳስ?” ብል፣ “ፍንጭት ናት። ደግሞ ሽማግሌ ካገኘች ሳትከራከር አትሄድም” አለችኝ። እንግዲህ ጎንደር ውስጥ ስንት ፍንጭት አለ! ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁም። ቅዳሜ በደወልሁ ቁጥር “ስብሰባ ላይ ነኝ” የምትይኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ እሱ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ አጎትሽ ምንይችል ጠበቀኝ። “የአባቱን ተዝካር ገንፎ አደረገው ሊሉኝ ነው? በየትኛው ዓይኔ ሰው አያለሁ?” ብሎ ጮኸ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ፈራሁ። አገሩ ሳይበላልኝ ብሞት ማን ያስበኛል? ወደ ነፍስ አባቴ ወደ ቄስ መዝሙር ሄጄ፣ ካህናት ያልበሉት ተዝካር ተዝካር ይባላል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሳቁብኝ። “እኛማ ስንበላ ኖረናል። ነፍሰ ጡር ስትበላልህ በአንድ አፍ ሁለት ነፍስ ይጠግባል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ትፈልጋለህ?” አሉኝ። በማግስቱ ሰንጋውን አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሸጬ፣ ለተ ማርያም ያለችኝን ገዝቼ አስገባሁ። ከነፍሰ ጡሮቹ ጋር አስቀምጠው ገንፎ አቀረቡልኝ። አብዝቶ የጎረሰው ማን ነበር ብትይ፣ እኔ ነበርሁ።

አሁን የምትቆጪበት ቦታ ደረስን። “ስትሰጥ ቀኝህ የሠራውን ግራህ አይወቅ” ብለሽኛል። ወንጌል ነው፣ አልከራከርም። ነገር ግን ለኅዳር ሚካኤል በደብራችን የሰጪዎች ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ማይኩን ተቀበልሁና፣ “ተዝካሬን በቁሜ አውጥቻለሁ። የጠራሁት ግን እናንተን ሳይሆን የማቆያውን እናቶች ነው። ቀረብን የምትሉ ገብስ ይዛችሁ ሂዱ። ሰንጋ እንኳ አይቀበሉም፣ ሞክሬዋለሁ!” አልሁ። ከዚያ ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት!

ጎረቤቴ አያ እንኳየሁ ከልጅነታችን ጀምሮ መበለጥን አይወድም። በሳምንቱ በቅሎውን ገብስ ጭኖ ወደ ማቆያው ሲሄድ በእኔ ደጃፍ ዞሮ አለፈ። መንገዱ በዚያ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አጎትሽም ማገዶ ፈልጦ አስጭኖ፣ “የአባቴ ተዝካር ነው” እያለ በየመንገዱ ያወራል። በስውር ብሰጥ ኖሮ ይኼ ሁሉ ከየት ይመጣ ነበር? ስውሩን ለሚችሉት፣ እንዳንቺ ላሉት ትቼዋለሁ። እኔ ጯሂ ነኝ፤ ጯሂም ያስፈልጋል።

ስሞት እንግዲህ ማንም ሰንጋ ፍለጋ እንዳይንከራተት። ተበልቶልኛል፣ ተመርቄያለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የዚያችን የከተማ ልጅ አያት ማን እንደሆነ አላውቅም። ማንም ይሁን ማን፣ ሰሞኑን አንገቱን አቅንቶ ሲሄድ እግሩ ሥር ያለው ድንጋይ እንዳይጥለው እሰጋለሁ። ትናንት እኔን እንኳ ሊጥለኝ ነበር።

የሰጠሽበት እጅ አይጠር። የፈጠረሽ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፣ የምታስተምሪው ለተማሪዎችሽ ይግባልሽ፣ እኔንም ሠርግሽን ሳያሳየኝ አይውሰደኝ።

በይ ደህና ሁኚ፣ ቅዳሜ ስትመጪ፣ ማለቴ ድንገት ከመጣሽ፣ ሳሙና አልቋል ብላለች ለተ ማርያም።

አያትሽ
ከኮሶዬ